ሃርድዌር ለመሥራት ለቸኮላችሁ

ልጆቼ፣ ቦርዱ ተነድፎ፣ ቺፑ ተበይዶ፣ ማሽኑ ሲሠራ አይታችሁ «አለቀ» ትላላችሁ። አላለቀም። ገበያ ሳይወጣ የሚሰረዝ ሥራ ብዙ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሰረዘው መጥፎ ስለሆነ አይደለም።

ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ለቲአይ-99/4ኤ ኮምፒውተሩ የሠራው፣ ኮምፒውተሩን የሚያናግር የንግግር ሳጥን ትንሽ ክዳን አለችው። ተጨማሪ ቃላት የያዙ ሞጁሎች እንዲሰኩባት ታስቦ ነበር፤ ሞጁሎቹ ግን ለሽያጭ አልቀረቡም። አንዳንዱን ሳጥን ስትከፍቱት ከክዳኑ ሥር ማገናኛ ታገኛላችሁ፣ ሌላው ባዶ ነው። የፕላስቲኩን ቅርጽ ማውጫ መቀየር ውድ ስለሆነ ይመስለኛል ክዳኑን የተዉት።

ሞጁሎቹን ያስቀራቸው ተፎካካሪ አልነበረም። እዚያው ቤት የተሠራው ተርሚናል ኢሙሌተር 2 የተባለ ካርትሪጅ (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ፕሮግራም) የተጻፈለትን ሁሉ በሳጥኑ ድምፅ ያነብ ጀመር፤ ታዲያ የቃላት ሞጁል ማን ይገዛል? ይህ የተቻለው የሳጥኑ ቺፕ ሁለት መንገድ ስለነበረው ነው። በአንዱ ሮም (ROM) ከሚባለው፣ ይዘቱ ከማይለወጥ ማህደረ ትውስታ የተቀመጠ ቃል ያወጣል፤ በሌላው ኮምፒውተሩ የሚልክለትን ዳታ እየተቀበለ ይናገራል። ዘዴው በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው ስፒክ ኤንድ ስፔል መጫወቻ ውስጥ ያለው ሊኒየር ፕሬዲክቲቭ ኮዲንግ ነው፦ የጉሮሮንና የአፍን ሥራ በማጣሪያ ማስመሰል። ማጣሪያው ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ግድ የለውም። (የዚያን ዘመን የአፍንጫ ድምፅ እኔ እወደዋለሁ፤ ባለቤቴ ግን አትታገሠውም።)

ሌላው ኮምፒውተር ሠሪ ኮሞዶርም በጥር 1984 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ ላይ ቪ364 የተባለ፣ 250 ያህል ቃል በውስጡ የተቀረጸለት ኮምፒውተር አሳይቶ ሳይሸጠው ቀረ። በዚያን ጊዜ ሳም የተባለው ፕሮግራም ምንም ተጨማሪ ሃርድዌር ሳይፈልግ ኮሞዶር 64 ላይ የተጻፈ ነገር ያነብ ነበር፤ ሸካራ ነው፣ ግን የፈለጋችሁትን ይናገራል።

የአማርኛ ንግግር ለምትሠሩት ይህ ጉዳይ ቅርብ ነው። ኤስፒ0256-ኤኤል2 የሚባለው የዚያን ዘመን ርካሽ የንግግር ቺፕ 59 የእንግሊዝኛ ድምፆች ተቀርጸውበት ወጣ። «ጠ»ም «ጨ»ም የሉበትም፤ ምንም ብትደረድሩት አይወጣችሁም። ከውጭ ዳታ የሚቀበለው የቴክሳሱ ቺፕ ግን የአማርኛ ድምፅ ቅጂ ተተንትኖ ቢላክለት የቻለውን ያህል ይለዋል።

ስለዚህ ንድፋችሁን ስትጀምሩ ከውጭ ዳታ የሚገባበትን መንገድ አስቀድሙ፣ የተቀረጸው ዝርዝር ኋላ ይምጣ። አለቃችሁ «ለምን ይጠቅማል?» ይላችኋል፤ ሁለት ፒን ብቻ ነው በሉት። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በጥቅምት 1983 እ.ኤ.አ. ከቤት ኮምፒውተር ገበያ ወጣ፤ አፍቃሪዎቹ ግን ዛሬም ለዚያ ሳጥን አዲስ ንግግር እየተነተኑ ይልኩለታል፣ በዚያው በሁለተኛው መንገድ። ይህን ማድረግ የቻሉት የዳታው አደረጃጀት ስለታወቀ ነው። የእናንተንም ቢት በቢት ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ሥራው ሲሰረዝ ሳይሆን አሁን፣ ሁሉም ትዝ እያላችሁ።