ዝናብ ያጠበው የመስክ ደብተሬ

ባለፈው ሳምንት በኮምቦልቻ የሲቪል ምህንድስና የምትማር የጎረቤቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ለማስታወሻ ዲጂታል ብዕር ልግዛ ወይስ ደብተር ይበቃኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ በቅየሳ ሙያ ባሳለፍኋቸው ዓመታት ሁሉ ከሆዴ ያልወጣ አንድ ጥፋት ስለቀሰቀሰብኝ፣ መልሱን ለእናንተም ለመጻፍ ወሰንሁ።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ክረምት፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ አጠገብ ለሚቆፈር የውኃ ማፋሰሻ ቦይ ልኬት እንድንወስድ ሁለት ሆነን ተላክን። ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አዛውንት ገበሬ ወደ እኛ መጥተው፣ ከዳገቱ ሥር የሚፈልቁት ምንጮች የት የት እንደሆኑ፣ የትኛው በበጋም እንደማይነጥፍ፣ በአባታቸው ዘመን መሬቱ ከየት ጀምሮ እንደተንሸራተተ በከዘራቸው እየጠቆሙ ነገሩኝ። የመስክ ማስታወሻ በእርሳስ እንደሚጻፍ ተምሬ ሳለ፣ ጽሑፌ እንዲያምርልኝ ብዬ ቀለም በሚሞላ ብዕር ጻፍሁት። ስንመለስ ዶፍ ወረደብን፤ ማታ ደብተሩን ስከፍተው ገጾቹ ሰማያዊ ውኃ ሆነዋል። ባልደረባዬ በእርሳስ የያዘው ልኬት ግን አንድ ቁጥር አልጠፋበትም። በማግስቱ ወደ አዛውንቱ መመለስ ሲገባኝ አፈርሁ፤ ዋናው ልኬቱ ነው ብዬም ራሴን አሳመንሁ። በመጋቢት ስሄድ አርፈው አገኘሁ። በተከታዩ ክረምት አንደኛው ምንጭ ከሥር ያራሰው አፈር ቦዩን ይዞ ተንሸራትቶ፣ የአንድ ቤተሰብ የጤፍ ማሳ ላይ ወረደ።

ነጠብጣብ በታተመበት ልዩ ወረቀት ላይ የሚጽፈውና ጫፉ አጠገብ ባለች ትንሽ ካሜራ የእጅን ጉዞ ተከታትሎ ጽሑፉን በውስጡ የሚያስቀምጠው ዲጂታል ብዕር ያን ጊዜ በእጄ ቢኖር፣ ጽሑፌም የአዛውንቱም ድምፅ በተረፉልኝ ነበር፤ ከነዚህ ብዕሮች አንዳንዶቹ ድምፅ ይቀዳሉና፣ የተጻፈውን ቃል ሲነኩት በዚያች ቅጽበት የተነገረውን መልሰው ያሰማሉ። ነገር ግን ሰውን ሳያስፈቅዱ መቅዳት ነውር ነው፤ ልዩ ወረቀቱም ሲያልቅ ከየሱቁ አይገኝም። በታብሌት ላይ የሚጽፈው ዲጂታል ብዕር ደግሞ ባትሪ ይፈልጋል፤ የሐምሌ ዝናብ ሲያርፍበትም ስክሪኑ ጠብታውን ከጣት መለየት ይቸግረዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በታብሌት ላይ ስሕተት ያለ ምልክት መጥፋቱ ነው። እኛ ቀያሾች የተሳሳተውን ቁጥር አንፍቅም፤ አንድ መስመር አስምረንበት ትክክለኛውን ከላይ እንጽፋለን፤ የተሰረዘው ትክክል ሆኖ የተገኘበትን ቀን አይቻለሁና።

የዛሬ ወጣቶች ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ መልሳችሁ አለማየታችሁ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሙለርና ኦፐንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በላፕቶፕ ማስታወሻ የያዙ ተማሪዎች የመምህሩን ቃል እንዳለ ወደ መገልበጥ ሲያዘነብሉ፣ በእጃቸው የጻፉት ሐሳብ በሚጠይቁ ጥያቄዎች በልጠዋቸዋል። ዲጂታል ብዕርም የእጅ ጽሕፈት ነውና፣ በዚህ በኩል አልነቅፈውም። እንዲያውም ከላይ የነቀፍሁትን ሁሉ አስቤም፣ አቅሙ ካላት ትግዛው እላለሁ፤ ለመስክ ግን እርሳሷን አትተው።

ከጠፋው ደብተር የቀረልኝ በእጄ የሣልሁት ንድፍ ትዝታ ብቻ ነው። ትናንት ለልጅቷ በወረቀት ላይ ደግሜ ሣልሁላት። ምንጮቹ አራት ነበሩ፤ የሦስቱን ቦታ አሳየኋት፤ አራተኛው የት እንደነበረ ግን አላስታውስም።