ሻንጣችን ኢስታንቡል የደረሰው በአምስተኛው ቀን ነው፤ ካሳ ይገባናል?

ጥያቄ፦ ጥር ላይ ተጋብተን ለጫጉላችን 7 ቀን ኢስታንቡል ቆየን። ትኬቱ ደርሶ መልስ ሆኖ አንድ ነው፤ መንገድ ላይ ግን አውሮፕላን ስለቀየርን ያጓጓዙን ሁለት አየር መንገዶች ናቸው። የሁለታችንንም ልብስ የያዘው ትልቁ ሻንጣ በባለቤቴ ስም ተመዝግቦ ነበር፤ ስንደርስ የለም። የተረከብነው በአምስተኛው ቀን ማታ ነው፣ ያውም ጎማው ተሰብሮ። ብርዱ ስላላስወጣን ካፖርት፣ ጫማና የውስጥ ልብስ ገዛን፤ እኔ ደግሞ የቆዳ ጃኬት ጨመርኩ። ቦስፎረስ ላይ በጀልባ የተነሳናቸው ፎቶዎች ሁሉ በአንድ ልብስ ናቸው። ስንመለስ አንደኛው አየር መንገድ ወደ ሁለተኛው መራን፤ ሁለተኛው ደግሞ «የምንከፍለው በኪሎ 20 ዶላር ነው፣ እሱም ለጠፋ እንጂ ለዘገየ አይደለም» አለን። ሻንጣውን ከተረከብን ዛሬ 14 ቀን ሆነን። የጉዞ ወኪላችንም ባሕር የሚያሳይ ክፍል ብሎ አስከፍሎን ያገኘነው የጓሮ ግድግዳ የሚያሳይ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እንኳን ለወግ ማዕረግ አበቃችሁ። ደስታውን ለጊዜው እናቆየውና ቀን እንቁጠር። የዘገየ ሻንጣን በተመለከተ አቤቱታ የሚቀርበው ሻንጣው በእጃችሁ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ ነው። ስለዚህ የቀራችሁ 7 ቀን ብቻ ነው። እስካሁን በስልክ የተነጋገራችሁት፣ ቢሮ ሄዳችሁ የተከራከራችሁት ሁሉ አይቆጠርም። ቀኑ ካለፈ፣ አጓጓዡ ካላጭበረበራችሁ በስተቀር፣ ክስ ማቅረብ አይቻልም። ይህን ምላሽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ደብዳቤውን ጻፉ።

ይህን ሁሉ የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ትኬታችሁ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚመለስ ስለሆነ በሕግ ዓይን የጉዞው መዳረሻ ኢስታንቡል ሳይሆን አዲስ አበባ ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ አየር መንገዱ የውጭ ቢሆንም እዚሁ አገራችሁ ልትከሱት ትችላላችሁ። ለክሱ ያላችሁ ጊዜ 2 ዓመት ነው።

«በኪሎ 20 ዶላር» ያላችሁ ሠራተኛ ከራሱ አልፈጠረውም። እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣው የዋርሶው ስምምነት ካሳን በኪሎ ይለካ ነበር፤ ያ ልማድ ከአንዳንድ ቢሮዎች መሳቢያ ውስጥ እስካሁን አልወጣም። ሞንትሪያል ግን ኪሎውን ትቶ በመንገደኛ ይቆጥራል። ጣሪያው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፤ ሲመነዘር ለአንድ ሰው 2,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ይህ ጣሪያ እንጂ የተቆረጠ ክፍያ አይደለም፣ የምትጠይቁት የደረሰባችሁን ወጪ ብቻ ነው። «ለዘገየ አንከፍልም» ማለቱ ደግሞ ጨርሶ ስህተት ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 19 መዘግየትን በስሙ ጠርቶ ያስጠይቃል፤ አየር መንገዱ ነጻ የሚወጣው ጉዳቱን ለመከላከል በአግባቡ የሚጠበቅበትን ሁሉ ማድረጉን ራሱ ካስረዳ ነው።

ሻንጣው በባለቤትሽ ስም መመዝገቡ አንቺን አያስቀርሽም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ የአራት ሰዎች ንብረት በሁለት ሻንጣ ተጭኖ በጠፋበት ጉዳይ፣ ዕቃው የሌላው መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ የነበረ ሰውም የራሱን ካሳ መጠየቅ ይችላል ብሏል። የእኛን ዳኞች አያስገድድም፤ ግን ስምምነቱ አንድ ስለሆነ ጥሩ መከራከሪያ ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም በየስማችሁ፣ የየራሳችሁን ወጪ ዘርዝራችሁ ጻፉ።

አንዱ ወደ ሌላው ስለሚገፋችሁ አትጨነቁ። በተከታታይ አጓጓዦች ላይ ስምምነቱ የመጀመሪያውንም፣ የመጨረሻውንም፣ መዘግየቱ የተፈጠረበትንም ለመጠየቅ ይፈቅዳል፤ ኃላፊነታቸው በአንድነትና በነጠላ ነው፤ ማለትም ሙሉውን ካሳ ከማንኛቸውም መጠየቅ ትችላላችሁ። ሻንጣው የት ቆመ የሚለውን እናንተ ማጣራት የለባችሁም። ያንኑ ደብዳቤ ለሁለቱም ላኩ፤ በኢሜይል ከሆነ የላካችሁበትን ቀን የሚያሳየውን አስቀምጡ። የትኬቱ ቅጂ፣ ሻንጣውን ስታስመዘግቡ የተሰጣችሁ ቁራጭ ወረቀት፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሞላችሁት ቅጽ፣ ሻንጣው የደረሳችሁ ቀንና ደረሰኞቹ አብረው ይሂዱ። የደረሰኝ ወረቀት ቶሎ ስለሚደበዝዝ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት። በአንድ ልብስ የተነሳችኋቸው ፎቶዎችም ቢያበሽቁም ማስረጃ ናቸው፤ ቀናቸውን እንደያዙ ይቀመጡ።

አሁን የቆዳ ጃኬቱ። ካፖርት፣ ጫማና የውስጥ ልብስ በክረምቱ ኢስታንቡል የማንም ዳኛ ልብ ይቀበላቸዋል። ሰውን የቆዳ ጃኬት ግዛ ያለው ግን ብርድ ብቻ አይደለም፤ ከኢስታንቡሉ የላሌሊ ገበያ ሱቆች ዕቃ ጭነው የሚመለሱትን ነጋዴዎቻችንን የሚያውቅ የአየር መንገድ ጠበቃ ይህን አይቶ ፈገግ ይላል። ካፖርት ከገዛሽ በኋላ የገዛሽው ከሆነ ከዝርዝሩ አውጪው። አንድ የማይረባ መስመር ሌሎቹን አስር ያስጠረጥራል። ካፖርቱም ቢሆን አሁን የእናንተ ንብረት ስለሆነ፣ «ከዋጋው ይቀነስ» የሚል ክርክር ጠብቁ።

ጎማው አዝናለሁ፣ አልፏል። ለተበላሸ ሻንጣ አቤቱታው በ7 ቀን ውስጥ መቅረብ ነበረበት። አውሮፕላን ማረፊያ የሞላችሁት ቅጽም ሻንጣው ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ስብራቱን አያውቀውም።

ስለተበላሸው የጫጉላ ደስታስ? ብዙ አትጠብቁ። ስምምነቱ የቅጣት ካሳ አይፈቅድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 2116(3) ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለውን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ አስሮታል፤ በዚያ ዘመን ብዙ ነበር፣ ዛሬ ለሁለት ሰው ጥሩ ምሳ አይበቃም። እንዲሁም ትንሽ ገንዘብ ሰጥተው «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ።

የክፍሉ ጉዳይ ከአየር መንገዱ ጋር አይገናኝም፤ ከወኪሉ ጋር ያላችሁ ውል ነው። «ባሕር የሚያሳይ» የሚለው ደረሰኙ ላይ፣ በቴሌግራም መልእክት ወይም በማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ካለ ጠንካራ ናችሁ። በቃል ብቻ ከሆነ ደክማችኋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡት፤ የምትጠይቁትም የጉዞውን ሙሉ ዋጋ ሳይሆን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ይሁን። ሆቴሉ ለሁለቱ ክፍሎች ያወጣውን ዋጋ ከድረ ገጹ አትማችሁ ከማስጠንቀቂያው ጋር አያይዙ፤ ወኪሉ ፍርድ ቤት ሳትደርሱ ሊመልስላችሁ የሚችለው ይህን ያህሉን ነው።