በፓምፕ የሚደገፍ ልብ ማገገሙ የሚታወቀው ፍጥነቱ ሲቀነስ ነው

እህቴ፣ ስለ ባለቤትሽ የጻፍሽውን አነበብኩት። ፓምፑ ሲገባለት 15 በመቶ የነበረው የልቡ የመግፋት አቅም በመጨረሻው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) 40 ደርሷል፤ ሐኪሞቹ ግን ስለ ማውጣት ገና አላነሱም፤ «ምን እየጠበቁ ነው?» ብለሻል። የልብ ፓምፕ ያላቸው ሰዎች በሚከታተሉበት ክፍል ነርስ ሆኜ ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ከብዙ ቤተሰብ ሰምቼዋለሁ።

40 ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ደስ ይበልሽ። ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ኢኮው ሲነሣ ፓምፑ በስንት ፍጥነት ይዞር ነበር? በተለመደው ፍጥነት ሲሠራ ደሙን ከግራው የልብ ክፍል እየሳበ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ የሚልከው እሱ ነው፤ ለልቡ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። በምርኩዝ የሚሄድን ሰው አይተን እግሩ ጸንቷል አንልም፤ ምርኩዙን አስቀምጦ ሲራመድ ነው የምናውቀው። ልብም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ዋናው ምርመራ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ኢኮ ማንሣት ነው። ሃርትሜት 2 በተባለው ፓምፕ ላይ በደንብ የተጠናው ዝቅተኛ ልክ በደቂቃ 6000 ዙር ነው፤ ሌሎቹ ፓምፖች የየራሳቸው ልክ ስላላቸው የባለቤትሽን ቁጥር ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር አታወዳድሪ። ከመጠን በላይ ማውረድም ምርመራውን ያበላሻል። ፓምፑ ውስጥ ቫልቭ የለም፤ ዙሩ በጣም ሲዘገይ ደሙ በፓምፑ በኩል ወደ ልብ ይመለሳልና ልቡ የራሱ ያልሆነ ሸክም ይጨመርበታል። ደግሞም ደም ቀስ ሲል ይረጋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ አይኤንአር የምናየው፣ ደሙ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳየውን ቁጥር፤ ከ2 በታች ከሆነ ሄፓሪን የተባለው የደም መርጋት መከላከያ ሳይሰጥ ፍጥነቱ አይነካም።

ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ይጠበቅና ኢኮው ይነሣል። የግራው ክፍል ሰፋ ወይስ እንዳለ ቆየ? ደም ከልብ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ የሚወጣበት አኦርቲክ ቫልቭ በየምቱ ይከፈታል? የቀኙ ክፍል ችሏል? የደም ግፊቱስ ወረደ? እነዚህ ሁሉ ይታያሉ። ቀጥሎ በዚያው ዝቅተኛ ፍጥነት የስድስት ደቂቃ ርምጃ አለ፤ ከርምጃው በኋላ ኢኮው ይደገማል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ተኝቶ ሲታይ የሚያምር ልብ ከርምጃው በኋላ ሲለጠጥና ሕመምተኛው ትንፋሽ ሲያጥረው አይቻለሁ። እንዲህ ሲሆን ፍጥነቱ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰውየው አልዳነም ማለት አይደለም፤ ልቡ ገና ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው፣ መድኃኒቱም ይቀጥላል።

ሐኪሞቹ የሚጠብቁት ምን እንደሆነ በቁጥር እንድታውቂው፣ በ2020 የታተመውን ሪስቴጅ ኤችኤፍ የተባለ ጥናት ልጥቀስልሽ። በአሜሪካ ስድስት ማዕከላት 40 ሕመምተኞች ተከታተሉ፤ ፓምፑም የልብ መድኃኒቶቹም ሆን ተብሎ ለማገገም እንዲያግዙ ተደርገው ተሰጡ። ለማውጣት ያስቀመጡት መስፈርት በዝቅተኛ ፍጥነት የመግፋት አቅሙ ከ45 በመቶ በላይ፣ ግራው ክፍል ዘና ሲል ስፋቱ ከ60 ሚሊ ሜትር በታች፣ ሲኮማተር ደግሞ ከ50 በታች መሆን ነበር። በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚለካው የሳንባ በኩል ግፊት ከ15 እንዳይበልጥ፣ በብርቱ እንቅስቃሴ ጊዜ ሰውነት የሚጠቀመው ኦክስጅንም በደቂቃ በኪሎ ከ16 ሚሊ ሊትር በላይ እንዲሆን ይፈለግ ነበር። ከ40ዎቹ 16ቱ ፓምፑ በ18 ወር ውስጥ ወጥቶላቸው ከዚያም በኋላ አንድ ዓመት ያለ ፓምፕና ያለ ንቅለ ተከላ ቆይተዋል። ግን እነዚህ ተመርጠው የገቡ ናቸው፤ የደም ሥር መዘጋት ያላመጣው የልብ ድካም የነበረባቸው። በጠቅላላው ፓምፕ ከሚገባላቸው ሰዎች እስከ ማውጣት የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። የልብ ጡንቻ ብግነት ወይም ከወሊድ ጋር የመጣ የልብ ድካም የነበረባቸው፣ ሕመሙ ያልቆየባቸውና ወጣቶች የተሻለ ዕድል አላቸው። የጡንቻው ሰፊ ክፍል በጠባሳ ከተያዘ ተስፋው ይቀንሳል። የባለቤትሽን ምክንያት አልጻፍሽም፤ መልሱ ግን አብዛኛው እዚያ ላይ ነው ያለው።

ቤት ውስጥ የልብ ምት በእጅ አንጓው ላይ መዳሰስ ጀምሯል ያልሽው እውነተኛ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ልብ ሲበረታ ምቱ ይመለሳል፣ በመቆጣጠሪያው ላይ የሚታየው የምት መለኪያም ከፍ ይላል። ብቻውን ግን አይታመንም፤ የሰውነት ፈሳሽ ሲጨምርም ሲቀንስም ይለዋወጣል። የሰፋው ልብ መጠኑ እያነሰ ሲመጣ ደግሞ ፓምፑ የልቡን ግድግዳ ወደ ራሱ ሊስብ፣ ማንቂያ ሊጮህ ይችላል። ውኃ ማነስም ያንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ ማንቂያ ሲሰማ ምክንያቱን አትገምቱ፣ ለክትትል ቡድኑ ደውሉ። ክብደቱንና የደም ግፊቱን በየቀኑ መዝግቢ። እባክሽ፣ «እስኪ ያለ እሱ እንሞክር» ተብሎ ፓምፑ ለአፍታም እንዳይቋረጥ፤ ደም ወደ ኋላ ይፈስሳል፣ ይረጋልም።

ሌላው መድኃኒቶቹ ናቸው። «ፓምፑ ስላለ ክኒኑ ምን ያደርጋል» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ፓምፑ ሸክሙን ያቀላል፤ የልብ ጡንቻው ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንዲመለስ ግን ቤታ ብሎከሩ፣ ስፓይሮኖላክቶኑና ሌሎቹም ያስፈልጋሉ፤ መጠናቸውም የደም ግፊቱና ኩላሊቱ እስከቻሉ ድረስ ከፍ ይደረጋል። ፓምፑ ቢወጣም አይቆሙም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የልቡ ድካም ምክንያት ምን ነበር፣ 40 የተለካው በስንት ፍጥነት ነው፣ ፍጥነት ዝቅ ተደርጎ የሚደረገው ምርመራ መቼ ነው? መልሱን እዚህ ጻፊልን፤ አብረን እናየዋለን።