ኤንኤፍኤ ወደ ዲኤፍኤ ሲቀየር ሁልጊዜ ይፈነዳል ወይ?

ኤንኤፍኤና ዲኤፍኤ ቃልን ፊደል በፊደል አንብበው የሚቀበሉ ወይም የማይቀበሉ የሐሳብ ማሽኖች ናቸው፤ የሚቀበሏቸው ቃላት ስብስብ ቋንቋ ይባላል። ዲኤፍኤ በእያንዳንዱ ፊደል የሚሄድበት ስቴት (የማሽኑ ሁኔታ) አንድ ብቻ ነው፤ ኤንኤፍኤ ግን ከብዙ አማራጮች መገመት ይችላል። ጥያቄው «ሁለቱም የሚቀበሉት ቋንቋ አንድ ከሆነ የስቴት ብዛት ለምን ያሳስበናል? ዲኤፍኤውስ ሁልጊዜ በኤክስፖነንሻል ያድጋል ወይ?» የሚል ነበር። ሁልጊዜ በኤክስፖነንሻል፣ ማለትም በየስቴቱ እጥፍ እየሆነ፣ አያድግም። ሲያድግ ግን ማሽን ያንበረክካል።

በሀ እና በለ ብቻ የሚጻፉ ቃላትን ውሰድና «ከመጨረሻ 20ኛው ፊደል ሀ የሆነ» የሚለውን ቋንቋ አስብ። ኤንኤፍኤው አንዱን ሀ «ይሄ ነው» ብሎ ይገምትና 19 ፊደል ይቆጥራል፤ 21 ስቴት ይበቃዋል። ዲኤፍኤ መገመት ስለማይችል የመጨረሻዎቹን 20 ፊደላት በሙሉ መያዝ አለበት። ባለ 20 ፊደል ሁለት የተለያዩ ቃላት ወደ አንድ ስቴት ቢያደርሱትስ? የሆነ ቦታ ላይ አንዱ ሀ ሌላው ለ ነው። ያ ቦታ ከመጨረሻ 20ኛ እስኪሆን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፊደላት ጨምርባቸው፤ አንዱ ተቀባይነት ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም፣ ዲኤፍኤው ግን ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ባለ 20 ፊደል ቃል አንድ፣ ቢያንስ 1,048,576 (2²⁰) ስቴት ያስፈልጋል። የትኛውም የማሳነሻ አልጎሪዝም ከዚህ አያወርደውም።

ፊደሉ አንድ ብቻ ሲሆን ነገሩ ይለዝባል። ርዝመቱ ለ2፣ ለ3፣ ለ5 ወይም ለ7 የሚካፈል ቃል ለመቀበል ኤንኤፍኤው አንድ መነሻና አራት ቀለበቶች፣ በድምሩ 18 ስቴት ይዞ ይሠራል። ትንሹ ዲኤፍኤ 210 ነው። ከ18 ስቴት የሚነሳው አጠቃላይ ጣሪያ 262,144 (2¹⁸) መሆኑን ስታይ 210 ምንም አይደለም።

በተግባር የሎግ (የፕሮግራም መዝገብ) መፈለጊያ ስጽፍ የተማርኩት ዲኤፍኤውን አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ አለመገንባትን ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ዘዴ፣ በእያንዳንዱ ፊደል ኤንኤፍኤው ሊገኝባቸው የሚችሉትን ስቴቶች ስብስብ ብቻ ትይዛለህ። የጉግል የጽሑፍ መፈለጊያ ላይብረሪ የሆነው አርኢ2 ደግሞ የዲኤፍኤውን ስቴቶች ሲያስፈልጉ ብቻ እየሠራ በተወሰነ ሜሞሪ ያስቀምጣል። ብዙውን ጊዜ ግብዓቱ የሚረግጠው ከሚሊዮኑ ጥቂቱን ነው። «አይደለም» የሚል ኦፕሬሽን (የሚቀበለውን መጣል፣ የሚጥለውን መቀበል) ካለህ ግን ዲኤፍኤ ይሻልሃል፤ ተቀባዩንና ተቀባይ ያልሆነውን ስቴት ማገላበጥ ብቻ ነው። በኤንኤፍኤ ያው ሥራ ራሱ ኤክስፖነንሻል ሊያስከፍል ይችላል።

ወደኋላም ማንበብ የሚችል ዲኤፍኤ ካለህ፣ ያ የ20ኛ ፊደል ቋንቋ ከሃያ ምናምን ስቴት አያልፍም፤ መጨረሻው ድረስ ሄዶ 20 እርምጃ ይመለሳል። በሁለት አቅጣጫ የሚያነብ ኤንኤፍኤን ወደ እንዲህ ያለው ዲኤፍኤ መቀየር የግድ ኤክስፖነንሻል ይሆን እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ሳኮዳና ሲፕሰር እ.ኤ.አ. በ1978 ጠይቀው ነበር፤ መልሱ እስካሁን አልተገኘም።