የፓኬት ሾርባ ለጾም ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ሁዳዴ ሲመጣ፣ ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ስለ ፓኬትና ጣሳ ሾርባ አብዝተው ይጠይቃሉ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነኝ። ፊቱ ላይ «የአትክልት ሾርባ» ካለ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። አትክልቱ የተቀቀለው በበሬ ወይም በዶሮ መረቅ ሊሆን ይችላል። ገልብጪውና ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቢ። «ቢፍ ብሮዝ» ወይም «ቺክን ፋት» ካለ ሥጋ ነክቶታል። «ዌይ»፣ «ላክቶስ»፣ «ኬዚኔት» ካለ ደግሞ ወተት አለበት። «ነን ዴይሪ» (ወተት የለሽ) የተባለ ነገር ውስጥ እንኳ ኬዚኔት ይገኛል።

ጥያቄ፦ ከታች «ኮንቴይንስ» (ይዟል) የሚለውን መስመር ብቻ ባይስ? ከሥራ ስወጣ ነው የምገዛው፣ ጊዜ የለኝም።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ያ መስመር የተጻፈው አለርጂ ላለበት ሰው ነው። የአሜሪካ ሕግ በአለርጂ የሚያስጽፈው 9 ነገር ነው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕና ሸርጣን ያሉ ቅርፊታም የባሕር እንስሳት፣ የዛፍ ለውዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ሰሊጥ። ከ9ኙ ውስጥ ሥጋ የለም! የዶሮ ስብ ያለበት ሾርባ በዚያ መስመር ላይ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ገብስም ከ9ኙ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የተከለከለ ልጅ ያላችሁ «ባርሊ» (ገብስ) እና «ሞልት» (ብቅል) የሚሉትን ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉ። አውሮፓ ግን ገብስም ጎልቶ መጻፍ አለበት።

ጥያቄ፦ እስራኤል ነው የምንኖረው። «ፓርቬ» የሚለውን በጾም እንብላ?

መልስ፦ ፓርቬ በአይሁድ የምግብ ሕግ የሚጻፍ ምልክት ነው፤ ሥጋም ወተትም የለውም። እንቁላልና ዓሣ ግን ሊኖረው ስለሚችል ዝርዝሩን እዩ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ፣ ጀርመን። ኢ471 ሐላል ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኢ471 ዘይትና ውሃን ለማዋሃድ ምግብ ውስጥ የሚጨመር ነገር ነው፤ ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳ ስብም ይሠራል፤ ቁጥሩ ብቻውን ምንጩን አይናገርም። የሐላል ምልክት ከሌለው አምራቹን ጠይቅ። «ቪጋን» (ከእንስሳ የተገኘ ነገር የሌለበት) የሚለው ከሥጋው ያሳርፍሃል፣ ግን ወይን ጠጅ የገባበት ሾርባም ቪጋን ይባላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ግፊት አለባት፣ ሾርባ ደግሞ ትወዳለች።

መልስ፦ «ሶዲየም» (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) የሚለውን እይላት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ነው። የተጻፈው ቁጥር የሙሉው ጣሳ ላይሆን ይችላል። 700 ሚሊግራም ብሎ፣ ጣሳው ለ2 ጊዜ ነው ካለ፣ እናታችን ሙሉውን ከጠጡት 1400 ገባ ማለት ነው። የአሜሪካ ከሆነ አጠገቡ ያለውን መቶኛ (ከቀኑ መጠን ስንት በመቶ እንደሆነ) እይ፤ 20 ከሞላ በዝቷል፣ 5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ግዛላቸው።