ይቅር ካልኩት ገንዘቤንም ልተወው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ለ6 ዓመት ለታናሽ ወንድሜ ገንዘብ ስልክ ኖርኩ። ቦታ ሊገዛልኝ ነበር የተስማማነው። ስመለስ ቦታ የሚባል ነገር የለም። ባጃጅ ገዝቶበታል፣ ሰርጉንም ደግሶበታል። ስጠይቀው «ለቤተሰብ ነው የዋለው» አለኝ። ከተኮራረፍን ቆየን። አሁን እማዬ «ለፋሲካ ታርቃችሁ ካላየሁ» ብላ ሽማግሌ ልትልክ ነው። ይቅር ካልሽው ገንዘቡን ማንሣት ነውር ነው ይሉኛል። ይቅር ካላልኩት ደግሞ መቁረብ አልችልም። ምን ይመክሩኛል?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ከባጃጁም ከሰርጉም ይልቅ ያናደደችኝ «ለቤተሰብ ነው የዋለው» የምትለዋ ናት። አንቺ የማን ቤተሰብ ሆነሽ ነው ታዲያ?

ሽምግልና ብዙ ተቀምጫለሁ። የእኛ ሰው ቶሎ ማስታረቅ ይወዳል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ቡና ይፈላል። የጠቡ ምክንያት ግን ሳይነሣ ይቀርና በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ይፈነዳል።

ጌታ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ያለው ማቴዎስ 18 ላይ ነው። እዚያው ምዕራፍ ከፍ ብሎ፣ ወንድምህ ቢበድልህ ለብቻችሁ ሆናችሁ ጥፋቱን ንገረው፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ ይላል። ዋጥ አድርገህ ዝም በል አይልም። «እዚያው ምሳሌ ላይ ያለው ንጉሥስ ለባሪያው ዕዳውን ትቶለት የለም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። ትቶለታል። ባሪያው ግን «ዕዳ የለብኝም» አላለም። ወድቆ «ታገሠኝ፣ እከፍልሃለሁ» ብሎ ለመነ። ወንድምሽ እዚህ ገና አልደረሰም። ቀራጩ ዘኬዎስ ደግሞ ለጌታ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። (አራት እጥፍ ጠይቂው አላልኩም!)

ተጣልተው የነበሩት ወንድማማቾች ያዕቆብና ዔሳውም ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ ታረቁ። ከዚያ ዔሳው ወደ ሴይር፣ ያዕቆብ ወደ ሱኮት ሄዱ። ታርቀሽም ገንዘብሽን ለብቻሽ መያዝ ትችያለሽ።

ስለ ቁርባኑ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔ ካህን አይደለሁም። «ባጃጁ ገደል በገባ» ብለሽ ተመኝተሽ ከሆነ እሱንም ንገሪያቸው። ገንዘቤን መልስ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እማዬን ለብቻዋ አነጋግሪያት። እናት በልጆቿ መሀል ስትቆም ትጨነቃለች፣ ብትገፋፋሽ አትፍረጂባት። ከሽማግሌዎቹ አንዱን አንቺ ምረጪ። የላክሽበትን ደረሰኝ ሰብስበሽ ያዢ። ባጃጁ በየቀኑ ይሠራል፣ ስለዚህ በየወሩ ስንት እንደሚመልስ ራሱ ይናገር፣ በወረቀትም ይፈርም። የሰርጉን ወጪ ልትተዪለት ከፈለግሽ ደግሞ በራስሽ አፍ ተናገሪው፣ ሽማግሌ አይወስንልሽ። ይህን ሁሉ ከሆሣዕና በፊት ጨርሱ። በፋሲካው ዶሮ ወጥ ላይ የብር ሒሳብ አይነሣ።