ጥያቄና መልስ፦ እምነት በቢሮ፣ በኩሽናና በሕመም አልጋ ላይ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው። ሁሉንም ማውጣት አልቻልኩም። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። አንዱ ጥያቄ ከሌሎቹ ይልቅ ሰፊ ቦታ ወስዷል፤ ሆን ብዬ ነው። ካህን አይደለሁም። ስለዚህ ቀኖና የሚነካውን ጉዳይ ወደ ንስሐ አባታችሁ እመልሳለሁ።

አንዲት እህት በአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። አለቃዋ ሦስት ፕሮፎርማ ያስመጣታል። ሦስቱም የሚወጡት ከአንድ ሰው ሱቅ ነው፤ የሚለያየው ማኅተሙ ብቻ ነው። ሁለቴ ፈርማለች። "እሑድ ቆርቤ ሰኞ ይህን ስፈርም ራሴን እጠላዋለሁ። ግን ሁለት ልጆች አሉኝ" ትላለች።

እህቴ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አትፈርሚ። ይህን ስልሽ የቤት ኪራይሽን ረስቼው አይደለም። ዳንኤልም የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ባልደረቦቹ የሚከሱበት ሰበብ ሲፈልጉ በሥራው ስሕተትና በደል አጡበት። ስለ ዳንኤል ስናወራ ወደ አንበሶቹ ጉድጓድ እንሮጣለን እንጂ በንጽሕና የሠራባቸውን እነዚያን ሁሉ የቢሮ ዓመታት እናልፋቸዋለን።

በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሱቆች ራስሽ ሄደሽ ፕሮፎርማ ሰብስቢ። አለቃሽ "ተይው፣ እኔ አመጣዋለሁ" ካለሽ ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ በትሕትና ጠይቂው። ብዙ አለቃ እዚህ ላይ ያፈገፍጋል። የሰነዶቹን ቅጂ ያዢ። የፈረምሽባቸውን ሁለቱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ጥቆማ ለመስጠት ካሰብሽ ደግሞ የወንጀል ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን የሚጠብቅ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 699/2003 ነው። ፊርማሽ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ግን አስቀድመሽ ጠበቃ አማክሪ። ሥራ መፈለግም ከዛሬ ጀምሪ።

መዝሙረ ዳዊትን ከስልክ ማንበብ ከመጽሐፉ ከማንበብ ያንሳል ወይ?

አያንስም። ዳታውን አጥፍተሽ አንብቢ።

ከደብረ ብርሃን የተጻፈልኝ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሥቶኛል። የጸሐፊዋ ታናሽ እህት 19 ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ሐኪም ያዘዘላትን ፊኖባርቢታል እየወሰደች ከዓመት በላይ ሳትወድቅ ቆይታ ነበር። ጸበል ሄደች። እዚያ አንድ ሰው "ኪኒኑን ካልጣልሽ እምነትሽ ሙሉ አይደለም" አላት። ጣለችው። ብዙም ሳይቆይ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ወደቀች። አንዱ ምድጃ አጠገብ ነበርና እጇ ተቃጥሏል። አሁን ደግሞ ጎረቤቱ "ስላላመነች ነው" ይላል። "መድኃኒቱን ብናስጀምራት እግዚአብሔርን መካድ ይሆንብናል?"

አይሆንም። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት። ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሺ ብትነሺ ደስ ይለኛል። ቤት የቀረውን ኪኒን በግምት አታስጀምሯት፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው ይከተላል። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ እምነቱ ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም።

ጸበልን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ አምኜበት እጠመቃለሁ። ግን ጸበልንና መድኃኒትን ማን ነው ያጣላቸው? ይህ ክርክር በአገራችን አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት እንጦጦ ማርያም ጸበል የወጡ ብዙ ሕሙማን ኪኒናቸውን አቋርጠው ነበር። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ፣ በ1999 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና አንዱ ሌላውን እንደማይቃረን በአደባባይ ተናገሩ። እህትሽን ኪኒን ያስጣላት ሰው ከቤተ ክርስቲያኒቱ አባት በላይ ሊያውቅ ነው ማለት ነው።

በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር ተብሏል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው፤ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ስንቱን ሕመምተኛ ፈውሷል! ያው ጳውሎስ ግን ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ ይመክረዋል። በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት" ይላል። ጥሮፊሞስ የጳውሎስ የአገልግሎት ባልደረባ ነው። ታመመ፤ ሳይድን ቀረ። ጳውሎስ "እምነቱ ጎድሎ ነው" አላለም። ታሞ ተውሁት አለ፣ በቃ።

"ግን በወንጌል ላይ በእሳትና በውኃ የሚወድቀው ልጅ ርኩስ መንፈስ ነበረበት" የሚሉኝ ይኖራሉ። አዎ፣ ያ ልጅ ነበረበት። ሆኖም ማቴዎስ ምዕራፍ 4 ላይ ወደ ጌታ የመጡትን ሕሙማን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን፣ ማለትም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን፣ ለየብቻ ነው የጠራቸው። ወንጌላዊው የለያቸውን እኛ ለምን አንድ እናደርጋቸዋለን? ደግሞ የዚያ ልጅ አባት ምን ብሎ ጸለየ? "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" አለ። ጌታ "እምነትህ ጎደሎ ነውና ሂድ" አላለውም። ልጁን ፈወሰለት። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ደቀ መዛሙርቱ "ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?" ብለው ሲጠይቁም እርሱም ወላጆቹም እንዳይደሉ ነገራቸው። በየጸበሉ ቦታና በየአዳራሹ ስንት ወገን ነው በበሽታው ላይ የኃጢአተኛነት ስም ተጭኖበት ወደ ቤቱ የሚመለሰው? ይህን የምለው ለኦርቶዶክሱ ብቻ አይደለም። "ተፈውሰሃል፣ መድኃኒትህን ጣል" የሚል ድምፅ ከየትኛውም መድረክ ቢመጣ ያው ነው። ድምፁ ነገ የለም፤ ልጅቷን ከምድጃው የምታነሺው አንቺ ነሽ።

ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች ልጨምር። ጸበሉን ከፈለገች ትቀጥል፤ ኪኒኗንም በሰዓቱ ትውሰድ። በባዶ ሆድ ለመጠመቅ ብላ መድኃኒቱን መዝለል የለባትም። የሚወሰድበትን ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁት። እንቅልፍ ማጣት ይህን ሕመም ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ ሌሊት ቆሞ ማደሩ ይቅርባት። ጾሙንም ለንስሐ አባቷ ንገሩት፤ ለሕመምተኛ የሚፈቀደውን ያውቃል። ጸበሉ ቦታ አብሯት የሚቆም ሰው አይጥፋ።

ስትወድቅ ክብሪት አታሽቷት። አፏ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ አትክተቱ። ከእሳትና ከስለታም ነገር አርቋት፣ ጭንቅላቷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ በጎኗ አስተኟት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየባት ወይም ሳትነቃ ከደገማት ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። በሽታው በመንካት አይተላለፍም። ጎረቤቱ ይህን ይወቅና ቀርቦ ይርዳችሁ።

እህቴ፣ ሐኪም ቤት መሄዳችሁን ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።

አንድ መምህር፦ ደመወዜ ከወር ወር አያደርሰኝም፤ የእናቴን የስኳር መድኃኒት የምገዛው እኔ ነኝ። አሥራት ካወጣሁ መድኃኒቱ ይጎድላል። ምን ላድርግ?

ማርቆስ ምዕራፍ 7ን አንብብ። ለአባትና ለእናት የሚገባውን "ቁርባን ነው" እያሉ የሚያስቀሩትን ጌታ በብርቱ ገሥጿቸዋል። የእናትህን መድኃኒት ግዛ። አሥራቱን በተመለከተ ለንስሐ አባትህ ደመወዝህንና ወጪህን በግልጽ ንገረው፤ እርሱ ካዳመጠህ በኋላ የሚልህን አድርግ። ምንም የማትሰጥ ሰው ግን አትሁን። ገንዘብ ባይኖርህ ሙያ አለህ። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ በሒሳብ የሚቸገሩ ልጆች ሞልተዋል።

የጾም ኬክ ዓርብ ቀን ብበላ ችግር አለው?

ከጾም ሰዓትህ በኋላ ከሆነና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከሌለበት የለውም። ይህን ጥያቄ በዚህ ወር አራት ሰው ጠይቆኛል። ስለ ተራበ ጎረቤት የጠየቀኝ ግን የለም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ከወሎ አንድ ወጣት፦ በሰሜኑ ጦርነት ወንድሙ ተገድሏል። ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወጣ። "አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ 'እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል' የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። መዋሸት ስለማልፈልግ ዘልዬው አልፋለሁ።"

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። አትዝለለው። የማትችለውን ነገር ጌታ ፊት ማለት ውሸት አይሆንም፤ ልመና ነው። "ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ አንተ አስችለኝ" ብለህ ጨምርበት።

ይቅርታ ማለት ምንም አልተደረገም ማለት አይደለም። የወንድምህ ደም ዋጋ የለውም ማለትም አይደለም። በዮሐንስ ራእይ የታረዱት ሰማዕታት ከመሠዊያው በታች ሆነው "እስከ መቼ ድረስ?" ብለው ይጮኻሉ። በሰማይ ያሉት ፍርድ ከለመኑ አንተ ፍርድ ብትጠይቅ አትኮነንም። ዮሴፍም ወንድሞቹን ባያቸው ቀን አላቀፋቸውም። ተለወጡ እንደሆነ ፈተናቸው፤ ተደብቆ አለቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ነው ራሱን የገለጠላቸው። ጊዜ ወስዶበታል። አንተም ጊዜ ይወስድብሃል።

ዛሬ ከአንተ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድምህን የገደለው ሰው እንጂ ሕዝብ አይደለም። አንድን ሕዝብ በሙሉ የሚያሰድብ ቪዲዮ ስልክህ ላይ ሲመጣ ለማንም አታሻግረው። አጥፋው። የማታውቃት እናት፣ ልጇ በሌላው ወገን የሞተባት፣ እንደ እናትህ ማቅ ለብሳ ተቀምጣለች። ለእርሷም ጸልይላት። ለገዳዩ መጸለይ ካቃተህ ከእርሷ ጀምር።

ሌሊት የሚያባንንህ ነገር ካለ ደግሞ ባለሙያ አናግር፤ ደሴም ሐኪም አለ።

ከሪያድ፦ በሰው ቤት ትሠራለች። የዕረፍት ቀን የላትም። ማዕተቧን አውልቃ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣዋለች። በጾም ወራት የሚሰጣትን ትበላለች። ካስቀደሰች ሦስት ዓመት ሆኗታል። "ክርስትናዬ ያለቀ ይመስለኛል" ትላለች።

አላለቀም፣ የኔ እህት። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት የንዕማንን ሚስት የምታገለግል አንዲት ብላቴና አለች። ተማርካ ነው የሄደችው። ቤተ መቅደስ የላት፣ ካህን የላት፣ ስሟም አልተጻፈም። በዚያ ቤት የእግዚአብሔርን ነቢይ የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች። በአንድ ቃሏ ጌታዋ ከለምጹ ነጻ። ያንን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር በየዐረብ አገሩ ያላችሁት እህቶቼ ትዝ ትሉኛላችሁ።

አገር ቤት የዳዊት መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይጸለያል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ነው። አንቺ ይህን አትችዪም፤ ማንም አይፈርድብሽም። በቀን አንድ መዝሙር ይዘሽ ዕቃ ስታጥቢ በቃልሽ በዪው። ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት በየሰዓቱ "አቤቱ ማረኝ" በማለት ጠብቂ። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። የተሰጠሽን ብዪ፤ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ ሰውነት ምግብ ይፈልጋል። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ንገሪ። ማዕተብሽን በልብሽ ያዢው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ደመወዝሽን ካልከፈሉሽ፣ ፓስፖርትሽን ከያዙብሽ ወይም ከመቱሽ "መስቀሌ ነው" ብለሽ አትቀመጪ። ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ብሏል፤ ጩኸቱም ጌታ ጆሮ ገብቷል። አንቺም ጩኺ። የኤምባሲውን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ስልክሽን ሊቀሙሽ ይችላሉ። አድራሻሽን አገር ቤት ለምታምኚው ሰው ዛሬውኑ ላኪ።

ማታ ስጸልይ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ተቀምጠህ ነዋ። ቆመህ ጸልይ፤ ደግሞም ቶሎ ተኛ።